የእጅ ሙያ ዓምድ፦ ብሩሽ የሚሞተው ማታ ነው

ባለፈው እትም የጀመርነውን የልብስ ስፌት ትምህርት ለጊዜው እናቆየውና ዛሬ ከመቻራ ለደረሰን አንድ ደብዳቤ መልስ እንሰጣለን። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለ ጠየቀ «የመቻራው ወንድማችን» እያልን እንጠራዋለን። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። የሱቅና የምግብ ቤት ታፔላ ይጽፋል፤ ሥራ ሲገኝ እስከ ገለምሶ ይሄዳል። በቅርቡ ደግሞ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ከመድረኩ በስተ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቅስ እንዲጽፍ ኃላፊነት ሰጡት።

«ስጀምር ጥሩ ነበር» ይላል። «ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ብሩሹ ጸጉሩን መጣል ጀመረ። የወደቀው ጸጉር ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጫፉም ለሁለት ተከፈለብኝ። እሑድ ዕለት አንድ አባት ጥቅሱን ጮክ ብለው ሲያነቡ ‹ቤት› የሚለውን ‹ቢት› አሉት፤ ምእመናኑ ሳቁ። በዚህ ዓመት ሦስት ብሩሽ ገዛሁ፤ አንዱም ከሦስት ሥራ አላለፈም። እናቴ ‹የምትሠራው ለቤት ነው ወይስ ለብሩሽ?› ትለኛለች። ጭሮ ላይ ባነር በማሽን ያትማሉ። ሙያውን ልተወው ወይ?»

የእናቲቱ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ ቀልለን አናየውም። ሆኖም ወንድማችን በደብዳቤው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ማታ ላምባ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆማቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠርጌ እጀምራለሁ» ይላል። የችግሩ ሥር እዚህ ነው። ብሩሽ ሥራ ላይ እያለ እምብዛም አይሞትም። የሚሞተው ማታ፣ ባለቤቱ ደክሞት እጁን ታጥቦ እራት ሲጠብቅ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የብሩሽን አካል እንመልከት። ጸጉር፣ የብረት አንገት እና የእንጨት እጀታ አለው። ጸጉሩ ተሰብስቦ ሥሩ በማጣበቂያ ከተያዘ በኋላ በብረቱ አንገት ውስጥ ይጠበቃል። ከውጭ የምናየው ጸጉር ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የቀረው አንገቱ ውስጥ ተደብቋል። እንግዲህ ብሩሹ በጣሳ ውስጥ በጸጉሩ ላይ ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ክብደት በጫፉ ይሸከማል፤ ጠዋት ጫፉ ታጥፎ ይገኛል። ላምባውም የሟሟውን ቀለም ይዞ ወደ አንገቱ ውስጥ ይወጣል። ቀለሙ እዚያ ሲደርቅ ጸጉሩን ከሥሩ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ጫፉ ለሁለት የተከፈለው በዚህ ነው። ፈሳሹ ውሎ ሲያድር ደግሞ ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ጸጉሩ መርገፍ የጀመረውም በዚህ ነው። ሁለቱም ጉዳት ከአንድ ጣሳ የመጣ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። የስስ ሥራ ብሩሽ ጸጉር ከእንስሳ ወይም ከፋብሪካ ይገኛል። ከእንስሳት ሁሉ ስመ ጥሩ ኮሊንስኪ የሚባለው ነው፤ በሳይቤሪያና በአካባቢው ከምትኖር ትንሽ ሥጋ በል አውሬ ጅራት ይወሰዳል። ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል፣ ቀለምም ብዙ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ለታፔላ ጸሐፊ አይደለም። የሽኮኮ ጅራት ጸጉር በጣም ለስላሳ ነው፤ የበሬ ጆሮ ጸጉር ጠንከር ይላል። «የግመል ጸጉር ብሩሽ» የሚባልም በገበያ አለ። የሐረርጌ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ መሳቅም ይገባዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ብሩሽ ላይ አንድም የግመል ጸጉር የለም። የግመል ጸጉር እንደ ሱፍ ስለሚከረደድ ለስስ ብሩሽ አይሆንም። ነጋዴዎች የሽኮኮን፣ የፍየልን ወይም የፈረስን ጸጉር ሰብስበው የሰጡት የገበያ ስም ነው።

የፋብሪካው ጸጉር በአብዛኛው ናይለን ነው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የወጣው የጥርስ ብሩሽ ጸጉር ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰዓሊዎች እጅ ገባ። የዛሬው ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው ጥሩ ናይለን ለመቻራው ወንድማችን ሥራ ከእንስሳ ጸጉር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም አንድ የአካባቢ ምክንያት አለኝ፤ እርሱም ኖራ ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን ብዙ ግድግዳ በኖራ ይቀባል ወይም አዲስ የሲሚንቶ ልስን ነው። ቆዳ ፋቂዎች ከጥሬ ቆዳ ላይ ጸጉር የሚያራግፉት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኖራ ነው። ያው ኖራ እርጥብ በሆነ ግድግዳ ላይ የእንስሳ ጸጉር ብሩሽን ቀስ እያለ ይበላዋል። ናይለንን ግን አይነካውም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ፤ በዚህ ዓምድ መነሣት ያለበት ይመስለኛል። ሻካራና ርካሽ የሆነው የቅብ ብሩሽ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ጸጉር ነው። ምዕራብ ሐረርጌ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበት አካባቢ ነው፤ የወንድማችን ደንበኞችም ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በማሌዥያ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ከአሳማ ጸጉር የተሠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ያሏቸውን ከ2 ሺሕ በላይ ብሩሾች ከየሱቁ ሰብስበዋል፤ ገዢው ሳያውቅ እንዳይገዛ በማሰብ ነበር። በእኛ አገር ማንም አያስገድደንም። ነገር ግን ጎረቤትህ ቢያውቅ የማይፈልገውን ዕቃ፣ ስለማያውቅ ብቻ በሱቁ በር ላይ መጠቀም ለክርስቲያን ባለሙያ የሚገባ አይደለም። የብሩሹን ዓይነት ለመለየት ከተጠራጠርክ አንድ ነጠላ ጸጉር ነቅለህ በክብሪት ለኩስ። የእንስሳ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸትና ይፈረፈራል፤ ናይለን ከሆነ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። የአሳማው ጸጉር ደግሞ ወፍራም ነው፣ ጫፉም ለሁለትና ለሦስት የተሰነጠቀ ነው፤ በብርሃን ላይ ይታያል።

ስንት ብሩሽ ያስፈልጋል? ሦስት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለጀማሪ ሸክም ነው።

ዋነኛው ጠፍጣፋው ነው። የብራና ጸሐፊዎች መቃ ብዕራቸውን አግድም የሚቆርጡት፣ ቁልቁል ሲስቡት ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲያስኬዱት ቀጭን መስመር እንዲሰጣቸው ነው። ጠፍጣፋ ብሩሽም እንዲሁ ይሠራል። ጫፉን ከመስመርህ ጋር ትይዩ አድርገህ ቁልቁል ሳበው፤ የፊደሉ እግር በአንድ ስበት ያልቃል። ስፋቱን በፊደሉ እግር ውፍረት ልክ ምረጥ። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፊደል ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። በቀጭን ብሩሽ እየደጋገሙ ማወፈር ፊደሉንም ብሩሹንም ያበላሻል፤ ጊዜም ይበላል።

ሁለተኛው ቁጥር 2 ወይም 3 የሆነ ክብ ብሩሽ ነው። ይህ የሚያስፈልገው ለፊደላችን ቅጥያዎች ነው። ሰላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት መልክ ሲመጡ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት ናት። የ«ቤ» ቀለበት መሐሏ በቀለም ከሞላ «ቢ» ሆና ትነበባለች፤ ያ አባት የተሳሳቱት ዓይናቸው ደክሞ እንዳልሆነ ወንድማችን ይወቅ። ለማረም ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ ቦታውን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አሽተህ አቧራውን ጥረግ፤ የግድግዳውን ቀለም በክቡ ብሩሽ ነካ ነካ አድርገህ ክፍተቱን መልስ። ሌላ ጊዜ ግን ቀለበቷን በሁለት ግማሽ ክብ ጻፋት፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ከዚያ የቀኙን።

ሦስተኛው ጸጉሩ ረጅምና ቀጭን የሆነው የመስመር ብሩሽ ነው። ባለሙያዎች «ሪገር» ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው የመርከብ ሥዕል ሠሪዎች የሸራውን ገመዶች ይስሉበት ስለ ነበር ነው። ረጅሙ ጸጉር ብዙ ቀለም ስለሚይዝ ሳይቋረጥ ረጅም መስመር ያወጣል፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይደብቃል። ለታፔላ ጠርዝ፣ ለአበባ ሐረግ፣ ለጥላ መስመር ይሆናል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ከተሞች ታፔላ የሚጽፍ ሰው ቁቤንም መቻል አለበት፤ ለቁቤ ክብ ክብ ፊደሎች ጠፍጣፋው ሲያስቸግርህ ዙሪያውን በሪገሩ አውጥተህ ውስጡን በጠፍጣፋው ሙላ።

ሱቅ ስትገባ አትቸኩል። አዲስ ብሩሽ ሾሎና ደርቆ የሚታየው በሙጫ ተለብጦ ስለሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከግራር የሚገኘው ሙጫ ነው። ስለዚህ ሁሉም በሱቅ ውስጥ ቆንጆ ናቸው። ባለ ሱቁን በትሕትና ጥቂት ውኃ ለምነው። ሙጫውን በጣትህ አሟሙተህ አንዴ አራግፈው። ጥሩ ብሩሽ ከሆነ ጫፉ በራሱ ይሰበሰባል። ከዚያ በጥፍርህ ላይ ጎንበስ አድርገህ ልቀቀው፤ ተስፈንጥሮ ቀጥ ካለ ውሰደው፤ እንደታጠፈ ከቀረ መልሰው። አንገቱን ይዘህ እጀታውን ነቅነቅ አድርግ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አይበጅም። አንገቱ ላይ በግልጽ የተገጠመ ስፌት ካለ ውኃ ያስገባል፤ ስፌት የሌለው ይሻላል።

በሥራ ላይ ሁለት ነገር ጠብቅ። ቀለሙን እስከ ጸጉሩ ግማሽ ብቻ አስነካ፤ አንገቱ ቀለም ማየት የለበትም። ከጣሳው ጠርዝ ላይም አታራግፍ፤ ትርፉን በሴራሚክ ወይም በመስታወት ስባሪ ላይ ወዲያና ወዲህ አድርገህ አውጣ፤ ጫፉም በዚያው ይስተካከላል። ሻካራውን ልስን በብሩሽህ አታሽ፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ በሰፊው ፔኔሎ መነሻ ቀለም ቀባው። ቆርቆሮና ላሜራ ላይ ስትጽፍ ከቀትር ፀሐይ ሽሽ፤ የጋለ ብረት ላይ ሲንተቲክ ቀለም ቶሎ ስለሚጎትት ብሩሹን ትታገለዋለህ።

አንድ ልማድ ግን በሥራው ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። ብዙ ጸሐፊዎች የብሩሹን ጫፍ ለማሾል ከንፈራቸው ላይ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ፣ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ ቀለም በሰዓት ቁጥሮች ላይ በስስ ብሩሽ ይቀቡ ነበር። ጫፉን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተምረው ነበር፤ ቀለሙም ራዲየም ነበረበት፤ ጉዳት እንደሌለው ተነግሯቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ጥርሳቸው ረገፈ፣ መንጋጋቸው በሰበሰ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ግሬስ ፍራየር የተባለች ሴት ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ሆና ኩባንያውን ከሰሰች፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1928 በካሣ ስምምነት አለቀ። የእኛ ቀለም ራዲየም የለበትም። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ግን በዘይት ቀለሞች ውስጥ፣ በተለይ በቢጫና በቀይ፣ ሲጨመር ኖሯል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 መጠኑ በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ሆኖም አሮጌ ጣሳና አሮጌ ታፔላ በየቦታው አለ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ አባት በልብሱና በእጁ ይዞት ይገባል። አሮጌ ቀለም ስታሽ ውኃ አርከፍክፈህ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ይሁን። ጫፉን በሁለት ጣቶችህ አሹለው፤ ጣትህ ይታጠባል።

ወደ ማታው እንመለስ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ቀለሙን በጨርቅ አውጣ፤ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ብቻ እየጨመቅህ ጥረግ። ይህን በደንብ ካደረግህ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ አኳራጅም ትቆጥባለህ። ሲንተቲክ ቀለም ከሆነ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ጥቂት አኳራጅ ወይም ላምባ ጨምረህ አጥበው፤ ጥረገው፤ በንጹሕ አኳራጅ ድገመው። ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ውኃ ይበቃል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ነው። ከዚያ መዳፍህ ላይ የልብስ ሳሙና አሽተህ ብሩሹን በክብ አሽከርክር፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን አጥበህ ድገም። አረፋው እስካልነጣ ድረስ አንገቱ ውስጥ ቀለም አለ። ፍል ውኃ አትጠቀም፤ ማጣበቂያውን ያላላል። በመጨረሻ ጥቂት ሳሙና ጫፉ ላይ ትተህ በጣትህ ቅርጹን አስይዝና አጋድመህ አድርቀው፤ እርጥቡን አታቁመው፤ ውኃው ወደ አንገቱ ይወርዳል።

ነገም በሲንተቲክ የምትቀጥል ከሆነና ሳሙናው ቢከብድህ፣ የቆዩ የታፔላ ጸሐፊዎች የሚያደርጉትን አድርግ። በአኳራጅ ካጸዳህ በኋላ ያልተሠራበት የሞተር ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀባውና አጋድመው። ዘይቱ ቀሪው ቀለም እንዳይደርቅ ይከለክላል። ጠዋት ዘይቱን በአኳራጅ ፈጽመህ አውጣ፤ ካልወጣ ቀለሙ አይደርቅም። የእንስሳ ጸጉር ያለውን ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጥ ከሆነ በሚከደን ዕቃ ይሁን፤ ብል ጥሩውን ጸጉር ከመጥፎው ለይቶ ያውቃል፤ የሚጀምረው ከውዱ ነው።

እናቶች ይህን ደግሞ ልብ በሉ። አኳራጅ፣ ቲነርና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣል። ምናልባት ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲያስመልሰው ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊሞቅና ሊነድ ይችላል፤ ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

«ሙያውን ልተወው ወይ?» ለሚለው መልሴ «አትተወው» ነው። የባነር ማሽን ፈጣን ነው፣ ፎቶግራፍም ያትማል፤ ከእርሱ ጋር በፍጥነት አትወዳደር። ነገር ግን ባነር በፀሐይ ይነጣል፣ በነፋስ ይቀደዳል፤ በላሜራ ላይ በጥሩ መነሻ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ከእርሱ ይልቅ ይቆያል፤ ግድግዳንም በባነር ማሽን ማስገባት አይቻልም። መክብብ 10፥10 ላይ ጠቢቡ ስለ ደነዘ መሣሪያ የተናገረውን እናትህና አንተ አብራችሁ አንብቡት፤ መሣሪያውን ያልሳለ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ወንድማችንም እስከ ዛሬ የከፈለው ይህንኑ ነው። «ለቤተ ክርስቲያን እንደ ነገሩ ይበቃል» የሚሉ ካሉም፣ ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን ለምን ሥራ በመንፈሱ እንደ ሞላው ያሳዩዋቸው። የእጅ ሥራ ነበር።

ለእናትህ ጥያቄ ደግሞ ወሬ ሳይሆን ደብተር አሳያት። በአንድ ገጽ ላይ ብሩሹ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ጻፍ፤ ከሥሩ የሠራህበትን እያንዳንዱን ሥራ ምልክት አድርግ። እስካሁን ሦስት ብሩሽ ቢበዛ ዘጠኝ ሥራ ሠርቷል። ዋጋው ሦስት እጥፍ የሆነ አንድ ጥሩ ናይለን፣ ከላይ እንደተነገረው ማታ ማታ ከታጠበ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሠራል። ገጹ ሲሞላ አብራችሁ አካፍሉት።

መቻራ ላይ የሥዕል ዕቃ መሸጫ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የተማሪ ብሩሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ መርካቶ የሚሄድ የታመነ ሰው ሲገኝ ላክ። ቁጥሩን ብቻ ጽፈህ አትስጠው፤ የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር 4 ከሌላው ቁጥር 4 ጋር አይስማማም። በወረቀት ላይ የብሩሹን ስፋትና የጸጉሩን ርዝመት በትክክለኛ መጠኑ ሥለህ ስጠው፤ ሱቅ ውስጥ ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ይለካው። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ መግዛት ካልቻልክ ከጠፍጣፋው ጀምር።

በሚቀጥለው እትም ወደ ልብስ ስፌቱ እንመለሳለን። ጌታ ይባርካችሁ።